ፌስታል፣ ሃይላንድና የኮባ ቅጠል፦ ልጆች ዕቃ ከምን እንደተሠራ በእጃቸው ሲማሩ

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ አጽድቋል። አዋጁ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል ይከለክላል። ፌስታልን የሚመለከት ሕግ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። የአሁኑ ግን ከፋብሪካና ከጉምሩክ አልፎ የእያንዳንዳችንን ቤት ነካ። ልጆችም መጠየቃቸው አልቀረም። «ፌስታል ለምን ተከለከለ? ሃይላንዱስ? ጀሪካኑም ፕላስቲክ አይደል?»

ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ችግሩ እኛ ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ «መጥፎ ስለሆነ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ልጁ ታዲያ ፕላስቲክ ሁሉ መርዝ ነው፣ ተፈጥሯዊ የተባለ ሁሉ ደግሞ ጥሩ ነው ብሎ ያድጋል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ይህ ጽሑፍ ወላጆችና መምህራን ነገሩን ከልጆች ጋር በእጅ እየነኩ እንዴት ሊያዩት እንደሚችሉ ያብራራል። የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ቤት ውስጥ ያለ ነው።

«ደህና» እና «ዘላቂ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ደህና ዕቃ የምንለው ልጁ ሲነካው፣ ሲልሰው፣ ሲሞቅ ወይም ሲሰበር ጤናውን የማይጎዳውን ነው። ዘላቂ የምንለው ደግሞ ሲሠራ የተፈጥሮ ሀብትን የማያሟጥጥ፣ ረጅም ጊዜ የሚያገለግል፣ ሥራው ሲያበቃም ወይ አፈር የሚሆን ወይ ተመልሶ ሌላ ዕቃ የሚወጣው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሰውነታችን ነው። ሁለተኛው ስለ መሬቱ፣ ስለ ውሃውና ስለ ከብቱ ነው።

ሁለቱ አብረው የማይሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው። ንጹሕ ፌስታል ደረቅ ሽንኩርት ቢያዝበት ማንንም አይመርዝም። ዘላቂ ግን አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የፀረ ተባይ መርዝ የነበረበትን ጀሪካን አጥቦ ውሃ መቅጃ ማድረግ ቁጠባ ይመስላል። ዕቃው አልተጣለም፣ አዲስም አልተገዛም። ነገር ግን መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ታጥቦ አይለቅም። እንዲህ ያለ ዕቃ በምንም ታጥቦ ለውሃም ለምግብም አይሆንም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ያው ዕቃ እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል። ፌስታል ውስጥ ቀዝቃዛ ዳቦ መያዝና ከምድጃ የወረደ ትኩስ ወጥ መገልበጥ አንድ አይደሉም። ፕላስቲክ ሲሠራ እንዲለሰልስ፣ ቀለም እንዲይዝ ወይም ፀሐይ እንዲችል የተለያዩ ኬሚካሎች ይገቡበታል። ሙቀትና ቅባት እነዚህን ኬሚካሎች ወደ ምግቡ በቀላሉ ያወጧቸዋል። ስለዚህ «ይህ ዕቃ ደህና ነው?» ከማለት «ለዚህ ሥራ ደህና ነው?» ማለት ይሻላል። ልጆች ይህቺን ልዩነት በፍጥነት ይይዛሉ።

ቀብረን ብናየውስ?

ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ሙከራ አላውቅም። ከታች የተበሳ ባልዲ ወይም የአበባ ማስቀመጫ አዘጋጁ። ከጓሮ ወይም ከዛፍ ሥር እውነተኛ አፈር ሙሉበት። አሸዋ አይሆንም፣ ሕይወት ያለው አፈር ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ የልጁን መዳፍ የሚያህሉ ቁራጮች ቅበሩ፦ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ወይም የኮባ ቅጠል፣ የደብተር ወረቀት፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ የጥጥ ጨርቅ፣ ፌስታል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ እንጨት ተክላችሁ ስሙን ጻፉበት። አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። ውሃ ከተኛበት አየር ያጣና መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ ሙከራውም ይበላሻል።

ከመቅበራችሁ በፊት ልጆቹ ይገምቱ። የትኛው ቀድሞ ይጠፋል? ግምታቸውን በደብተር ይጻፉ። ይህ ክፍል ቸል መባል የለበትም። የገመተ ልጅ ነው ለማየት የሚጓጓው።

በየሁለት ሳምንቱ ቆፍራችሁ እዩ። ልጣጩና ቅጠሉ መጀመሪያ ይጠቁራሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ ከዚያ ከአፈሩ መለየት ያቅታል። ወረቀቱ ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል። ጨርቁ ይቆያል፣ ግን ሲስቡት በቀላሉ የሚቀደድበት ጊዜ ይመጣል። ፌስታሉን አጥባችሁ እዩት። እንደነበረ ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ሁሉም ነገር ይዘገያል፣ በሞቃት ቦታ ይፈጥናል። ደብረ ብርሃን ያለ ልጅና ድሬዳዋ ያለ ልጅ እኩል ቢጀምሩ እኩል አይጨርሱም።

ለምን እንዲህ ሆነ? አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች አሉ። እነሱ ቅጠልን፣ እንጨትን፣ ወረቀትንና ጥጥን ሰባብረው ይመገባሉ። እነዚህ ሁሉ ከተክል የመጡ ናቸው። ተክልን የሚሰባብሩ ፍጥረታት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አብረውት ኖረዋል። ፌስታል ግን ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ነው። የተሠራበት የሞለኪውሎች (በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ሰንሰለት እጅግ ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ የአፈር ፍጥረታት በቀላሉ ሊሰብሩት አይችሉም።

«ፌስታል ለመበስበስ 400 ዓመት ይፈጅበታል»፣ «1,000 ዓመት ይፈጅበታል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸው። ፕላስቲክ በብዛት መመረት የጀመረው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ስለሆነ ያን ያህል ዘመን ቆሞ የተመለከተ ሰው የለም። ለልጅ «በጣም ረጅም ጊዜ» ማለት በቂ ነው፣ እውነትም ነው።

አጥር ላይ ተሰቅሎ የከረመ ፌስታል ስትነኩት ሲፈረፈር አይታችሁ ይሆናል። ልጆች ይህን ሲያዩ «በሰበሰ!» ይላሉ። አልበሰበሰም። ፀሐይ አድርቃ ሰባበረችው እንጂ ፕላስቲክነቱ አልጠፋም። ጥቃቅን ቁርጥራጮቹ፣ ማይክሮፕላስቲክ የሚባሉት፣ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ይገባሉ። አንዳንድ ፌስታል ላይ «በስባሽ» የሚል ጽሑፍ የሚገኘውም ሁልጊዜ አያስተማምንም። ኬሚካል ተጨምሮበት በፀሐይና በአየር ቶሎ እንዲበጣጠስ ብቻ የተደረገ ፕላስቲክ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን በ2021 እ.ኤ.አ. ከገበያ አግዷል። ከበቆሎ ስታርችና ከመሳሰሉት የሚሠራው ሌላው ዓይነት ደግሞ በአብዛኛው የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ባለው የኮምፖስት ማምረቻ ውስጥ ነው። ጓሮ ውስጥ ብትቀብሩት ብዙ ይቆያል።

ሃይላንዱ ለምን ሰመጠ፣ ክዳኑ ለምን ተንሳፈፈ?

ይህ ሙከራ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከአንድ የውሃ ሃይላንድ ላይ ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ። ከክዳኑም እንዲሁ። የሚቆርጠው ትልቅ ሰው ይሁን፣ ጠርዙ ስለት አለው። ሁለቱንም ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ጨምሩ፣ በጣታችሁም ወደ ታች ገፋ አድርጓቸው። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል። ክዳኑ ተመልሶ ይወጣል።

ልጆች ሁለቱንም «ፕላስቲክ» ብለው ነበር የሚያውቋቸው። አሁን የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ በዓይናቸው አዩ። ጠርሙሱ ፒኢቲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ከውሃ ይከብዳል። ክዳኑ ፖሊኤቲሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ከውሃ ይቀላል። መልሶ መጠቀሚያ ፋብሪካዎችም የተፈጨ ጠርሙስና ክዳን የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው። ትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ይጨምሩታል፣ አንዱ ይሰምጣል፣ አንዱ ይንሳፈፋል። ሁለቱ አብረው ከቀለጡ የሚወጣው ፕላስቲክ ጥራቱ ይወርዳል።

ከዚያ የዕቃዎቹን ታች ይገልብጡ። ብዙዎቹ ላይ በሦስት ቀስቶች የተከበበ ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር አለ። ቁጥሩን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአሜሪካ ፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ነው። የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። 1 የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። 2 ጠንካራው ጀሪካን ነው፣ ቢጫውን የዘይት ጀሪካን ጨምሮ። 3 ፒቪሲ የሚባለው፣ ለቧንቧ የሚሆነው ነው። 4 ለስላሳ ፕላስቲክ፣ 5 ክዳኖችና የማዳበሪያ ጆንያ፣ 6 ነጩ ፎም ነው። 7 የቀረው ሁሉ የሚገባበት ነው።

እዚህ ላይ ትልልቆችም የሚሳሳቱት ነገር አለ። ቀስቶቹን አይተን «ይህ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል» እንላለን። ምልክቱ ያን አይልም። ይዋል አይዋል የሚወስነው የሚሰበስበውና የሚገዛው ሰው መኖሩ ነው።

ታዲያ የሚሰበስበው ማን ነው?

ቆራሌው ነዋ! ልጆች በየቀኑ ድምፁን ይሰማሉ፣ ስለ ቁሳቁስ ብዙ የሚያውቅ ባለሙያ በራቸው ላይ እንደሚያልፍ ግን ማንም አልነገራቸውም። ከትልቅ ሰው ጋር ሆነው ይጠይቁት። ምን ትገዛለህ? ምን አትገዛም? ለምን? መልሱን በሁለት ዓምድ ይጻፉ። ሥራውን አክብረው እንዲጠይቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ጊዜው ገቢው ነው፣ ስለዚህ የሚሸጥ ነገር አዘጋጅታችሁ ጠብቁት።

ብዙ ጊዜ የሚወጣው መልስ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ጀሪካን፣ ጠርሙስ ይገዛል፣ ፌስታል አይገዛም የሚል ነው። ምክንያቱን ልጆቹ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። አንድ ኪሎ ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት ጀሪካን ይበቃል። አንድ ኪሎ ፌስታል ለመሙላት ግን መቶዎችን መልቀም ያስፈልጋል። እሱም ጭቃ፣ የምግብ ትራፊና ዘይት የነካው ነው። ማጠቢያው ውሃ ከዋጋው ይበልጣል። ስለዚህ ማንም አያነሳውም። ንፋስ ይወስደዋል፣ ቦይ ይዘጋል፣ በግና ላም ይበሉታል። ከብት የበላው ፌስታል ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ መፈጨት ያቅተዋል፣ እስከ ሞትም ያደርሳል።

«ሃይላንዱስ ለምን አልተከለከለም?» ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ሃይላንድ ገዢ አለው። ሃይላንድ ችግር የለውም ማለት ግን አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ቦዩን ከሚሞሉት አንዱ እሱ ነው።

ጨርቅ የሚመስለው ከረጢት ሁሉ ጨርቅ ነው?

ፌስታል ሲቀንስ በየሱቁ ለስለስ ያሉ፣ ጨርቅ የሚመስሉ ከረጢቶች በዙ። ብዙዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፣ ማለትም ፕላስቲክ። ክር በክር አልተሸመኑም፣ በሙቀት ተጣብቀው ነው የተሠሩት። ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ጥቃቅን የተጫኑ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

ልጆች በውሃ ጠብታ ይለዩታል። ከከረጢቱ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉ። ከአሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ላይም እንዲሁ። ጥጡ ውሃውን ወዲያው ይጠጣዋል። በፕላስቲኩ ላይ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ የተቀባው ነገር ውሃ እንዳይጠጣ ሊያደርገው ይችላል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ተጠቀሙ። ይህ ዓይነቱ ከረጢት መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። ደጋግመው ከያዙት ያገለግላል። አንዴ ይዘው ከጣሉት ግን ወፍራም ፌስታል ነው።

ጥጥስ? ስለ ጥጥ እውነቱን እንንገራቸው። ጥጥ አፈር ይሆናል፣ ለማብቀል ግን ብዙ ውሃና መሬት ይፈልጋል፣ በአብዛኛውም ፀረ ተባይ ይረጭበታል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት አዲስ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ በሚያደርሰው ጫና አንዴ ብቻ ከሚያገለግል ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ጋር ለመስተካከል 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ጥናቱ የመዘነው የአየር ንብረትን እንጂ ቦይ መዝጋትንና ከብት መግደልን አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩ ትልቅ ትምህርት አለው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ገበያ የሚወጣ ቤተሰብ 131 ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ልጆች በጣም የሚወዱት ነው። ከአሮጌ ሸሚዝ ወይም ከተቀደደ አንሶላ ከረጢት ይስፉ። እጅጌና አንገቱን ቆርጦ ታቹን በመርፌና ክር መዝጋት ይበቃል። ጨርቁ ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ አዲስ ጥጥ አልበቀለለትም። ከዚያ 131 ሳጥን ያለው ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ከረጢቱ ገበያ በሄደ ቁጥር አንዱን ያጥቁሩ። ከድንች ጋር የጥንካሬ ፈተናም ያድርጉበት። ፌስታል፣ የወረቀት ከረጢትና የሰፉት ከረጢት ስንት ስንት ድንች ይችላሉ? ወረቀቱ ሲረጥብስ?

ተፈጥሯዊ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው?

አይደለም። ግን ከመልካሙ እንጀምር።

ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ሲጋገር ልጆች አብረው ይሥሩ። ቅጠሉን ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ሊጡ ሲገለበጥበት ይዩ። ኮባው ሙቀቱን ይችላል፣ ዳቦው እንዳያርር ይከላከላል፣ መዓዛም ይሰጣል። ሲያበቃ ወደዚያው ባልዲ ይቀበራል። ይህ ደህናም ዘላቂም የሆነ ዕቃ ነው። በኮባ ፋንታ ፕላስቲክ የሚያነጥፍ ካለ ግን ይተው፣ ሙቀቱን ቀደም ብለን አንስተነዋል። አያት ወይም አክስት ስፌት የሚያውቁ ከሆነ አክርማና ስንደዶ አስይዘው ትንሽ ሰፌድ ያስጀምሩ። ጣት እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጁ ግን የመሶብን ድካም ያን ቀን ይረዳል።

ለትንንሾቹ የሚሆን መጫወቻ ሊጥ ደግሞ በሁለት ስኒ ዱቄት፣ በአንድ ስኒ ጨውና በአንድ ስኒ ገደማ ውሃ ይቦካል። ለቀለም የቀይ ሥር ውሃ፣ እርድ፣ ወይም የቡና አተላ ይሆናል። ጨው የበዛበት ሊጥ ቢበላ ትንሽ ልጅን ይጎዳል። ሁሉን አፉ ለሚከት ሕፃን ጨው የሌለውን ሥሩለት። በምግብ መጫወት የማይዋጥላቸው ብዙ ቤቶች አሉ፣ ዱቄት በተወደደበት ጊዜ ደግሞ ልክ ናቸው። ጭቃ አለ። ከመኪና መንገድና ከጋራዥ ርቆ የተወሰደ ጥሩ ጭቃ ሊጥ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል።

አሁን ወደ ችግሩ። እርድ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት በባንግላዴሽ አንዳንድ ነጋዴዎች እርዱ ደማቅ ቢጫ እንዲሆን ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ያለበትን ሊድ ክሮሜት የሚሉትን የኢንዱስትሪ ቀለም እንደሚቀላቅሉበት አሳየ። መንግሥት ቁጥጥር ካደረገ በኋላ በ2021 እ.ኤ.አ. በተደረገ ምርመራ ችግሩ ከገበያው ጠፍቶ ተገኘ። ሥሩን ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ ማስፈጨት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ይህ ታሪክ ወደ አሳሳቢው ጉዳይ ይወስደናል።

ሊድ ምንድን ነው? በዓይን የማይታየውን አደጋ ለልጅ እንዴት እናሳይ?

ሊድ ከባድና ለስላሳ ብረት ነው። በአማርኛ እርሳስ እንለዋለን። የመጻፊያው እርሳስ ውስጥ ግን ሊድ የለም፣ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ልጆች እንዳይደነግጡ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሊድ የሚገኘው በመኪና ባትሪ፣ በአንዳንድ የግድግዳና የብረት ቀለም፣ በተለይ በደማቅ ቢጫና ቀይ፣ በአንዳንድ የሚያብረቀርቅ ቅብ ሸክላ፣ ከውዳቂ ብረት ቀልጦ በተሠራ አንዳንድ ድስት ውስጥ ነው።

ሰውነት ሊድን ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም። በሌላ ሰው መታወቂያ በር ላይ እንደሚያልፍ ሰው፣ ሊድም በካልሲየም መግቢያ ገብቶ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ይደርሳል። ልጅ ከዋጠው ሊድ ውስጥ ወደ ሰውነቱ የሚገባው መጠን ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የትምህርት አቀባበልን፣ ትኩረትንና ዕድገትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የሊድ መጠን አልታወቀም ይላል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የተባለው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ እስከ 800 ሚሊዮን የሚሆኑ ልጆች፣ ከሦስት አንድ ማለት ነው፣ በደማቸው ውስጥ አሳሳቢ መጠን ያለው ሊድ እንዳለ ገምተዋል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ሊድ በሚሊዮን 90 ክፍል ገድባለች። ከዚያ በፊት የተቀባ ግድግዳ፣ በርና የመጫወቻ ሜዳ ብረት ግን አሁንም አለ። አሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖችም ይህ ሩቅ አይደለም። ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ አፓርታማ ውስጥ የሊድ ቀለም ሊኖር ይችላል፣ አከራይም የሚያውቀውን እንዲናገር ሕጉ ያስገድደዋል።

ሊድን ለሙከራ ማምጣት አይቻልም። አቧራው እንዴት እንደሚጓዝ ግን በጠመኔ ማሳየት ይቻላል። ባለ ቀለም ጠመኔ ፍጩና አንድ መጫወቻ ላይ በትንሹ ነስንሱ። ልጆቹ ከአሥር ደቂቃ ያላነሰ ይጫወቱበት። ከዚያ ቀለሙን ፈልጉ። ጣት ላይ አለ። ልብስ ላይ፣ የበሩ እጄታ ላይ፣ ወንድም ጉንጭ ላይ፣ አንዳንዴም ከንፈር ላይ ይገኛል። አሁን ግማሾቹ በውሃ ብቻ፣ ግማሾቹ በሳሙና እጃቸውን ይታጠቡና ያወዳድሩ። ወለሉንም በሁለት መንገድ አጽዱ። አንዱን ክፍል በደረቅ መጥረጊያ ጥረጉት፣ አቧራው ሲነሳ ይታያል። ሌላውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት።

የሚላጥ ቀለም ባለበት ቤትም የሚደረገው ይኸው ነው። በደረቁ አይፋቅም፣ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም። በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ የልጅ አልጋ ከዚያ ግድግዳ ይርቃል፣ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ብረትና ካልሲየም ያላቸው ምግቦች፣ እንደ ምስር፣ ጎመንና ወተት ያሉት፣ ሰውነት ብዙ ሊድ እንዳይቀበል ያግዛሉ። ልጁ ሊድ እንዳገኘው በእርግጠኝነት የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

በፍጹም የማይሞከረውስ?

ፕላስቲክ ማቃጠል አይገባም። ብዙ ቤት ከሰል ለማያያዝ ማንደጃው ላይ ፌስታል ጣል ይደረጋል። ቶሎ ይቀጣጠላል፣ እውነት ነው። ጭሱ ግን መተንፈሻን የሚጎዱ ኬሚካሎች አሉበት፣ ፒቪሲ ሲቃጠል ደግሞ ዳዮክሲን የተባለ አደገኛ መርዝ ይወጣል። ከማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብሎ ያን የሚተነፍሰው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ቃጫ፣ ደረቅ ወረቀት ወይም ጭራሮ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የባትሪ ድንጋይ ተሰብሮ ጥቁሩ ዱቄት ለምንም ሥራ አይወሰድም፣ ሰሌዳ ለማጥቆርም ቢሆን። ከጤና ተቋም የወጣ መርፌ፣ ቱቦ ወይም የግሉኮስ ከረጢት መጫወቻ አይሆንም። የማይታወቅ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካንም እንዲሁ።

በጣም ትንሿ ነገር ግን በጣም አደገኛ ናት፦ በሰዓት፣ በሪሞትና በሚዘፍኑ መጫወቻዎች ውስጥ ያለችው ጠፍጣፋ ባትሪ። ልጅ ከዋጣት በጉሮሮው ተሰክታ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታስከትል ትችላለች። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ እስኪወጣም አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የትኛው ለየትኛው ዕድሜ?

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ሊጡ፣ ጭቃው፣ የውሃ ጠብታውና የጠመኔው ጨዋታ ይበቃሉ። ስድስት ዓመት ሲሆነው ባልዲውን ራሱ ይንከባከባል፣ ግምቱንም ይጽፋል። ከአሥር ዓመት በላይ ያለው መርፌና ክር ይይዛል፣ የፕላስቲክ ቁጥሮችን ይመዘግባል፣ ቆራሌውን ያነጋግራል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ለሚሠሩ መምህራን አንድ ምክር አለኝ። ባልዲውን መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ቅበሩት፣ በአፈሩ ላይ ውሃ የሚያጠጣ ተረኛም መድቡ። ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያበቃ ጨርቁን ለማየት በቂ ጊዜ ይሆናል። የተቆፈረው ፌስታል ታጥቦ ለሚቀጥለው ክፍል ይተላለፋል። በሚቀጥለው ዓመት የሚቀበረው አዲስ ሳይሆን እሱው ይሁን፣ ስንተኛ ዓመቱ እንደሆነም እንጨቱ ላይ ይጻፍ።